ኮርኒስ ላይ የቀሩት ኮኮች

ለሥዕል ክፍል የተገዛው የላስቲክ ፍራፍሬ ባለፈው ሰሞን በካርቶን ታሽጎ መጣልኝ። ሙዝ አለ፣ ብርቱካን አለ፣ የወይን ዘለላ አለ፤ ከሁሉም ሥር አንድ ኮክ። አንሥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ሸተተኝ። ተማሪዎቼ ሳቁብኝ፤ ከፊት የምትቀመጠው ልጅ «ቲቸር፣ እሱ እኮ አይበላም!» አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ፤ የምጽፈው ነገር ግን አልነበረኝም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳህ። እኛ የሥዕል መምህራን ስቲል ላይፍ የምንለው ቀላል ነው። ፍሬ ወይም ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ትለያለህ፣ ከዚያ የምታውቀውን ትተህ የምታየውን ብቻ ትሥላለህ። ይህን ያስተማረኝ ኮሌጅ አይደለም። ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን ጓሮ ውስጥ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ ነው ያስተማረኝ።

ጓሯችን ጠባብ ነበር። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ከባድ መኪኖች ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ፤ ነፋሱ ከወንዙ በኩል ሲነሣ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ ይዞ ይገባል። ግን አንድ የኮክ ዛፍ ነበረን። ክረምት ገብቶ ፍሬው መብሰል ሲጀምር ያ ሁሉ ሽታ ይሸነፋል። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ የተጋገረውን አቧራ ያጥበዋል። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል ኮኮቹ አንድ ጎናቸው ቢጫ፣ አንድ ጎናቸው ብርድ እንደመታው ጉንጭ ቀይ ሆነው ይታያሉ።

ወንድም ጋሼ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት ተቀምጦ ነበር። የበሰሉትን እኔ አወርዳለሁ፤ እሱ ባልዲ ገልብጦ ጨርቅ ያለብስና ይደረድራቸዋል። የሥዕል ሸራ የማይታሰብ ስለነበር የሚሥለው አቡጀዲ ላይ ነው። ቀለሙንም ራሱ ነበር የሚያዘጋጀው፤ የዱቄት ቀለም በተፈላ ስታርች ያሻል። እንዲህ ያለው ቀለም ሲደርቅ ያምራል፣ ውሃ ሲነካው ግን ይለቃል። ይህን ልብ በልልኝ።

አቡጀዲውን የሚገዛው ከጥጉ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ቀልድ የሚወዱ የስልጤ ሰው ነበሩ።

«ደግሞ አቡጀዲ? ማን ሞተባችሁ አንተ?» ይሉታል እየቀደዱለት።

«ኮክ ነው የሞተው» ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት መሬት ወድቆ የተመታ ኮክ አነሣሁና የበሰበሰውን ጎን ወደ ኋላ አዙሬ ባልዲው ላይ አስቀመጥኩት። ወንድም ጋሼ መልሶ አዞረው።

«ለምን ደበቅሽው?»

«ያስጠላላ!»

«ያስጠላል። ግን አለ።»

ዛሬ ተማሪዎቼ የፍሬውን ጠባሳ ሲዘሉት ይህንኑ እላቸዋለሁ። አይገባቸውም። የላስቲክ ኮክ አይበሰብስም።

አባባ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ወገቡን ከታመመ ወዲህ ግን ውሎው በረንዳ ላይ ሆነ። ከዚያ ሆኖ «ብላው እንጂ ምን ታፈጥበታለህ! እሱ እንደሆነ አያፍርልህ!» እያለ ወንድም ጋሼን ይተርበዋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቤቱ ገቢ አጣ፤ ስለዚህ ጓሮው ላይ የሚከራይ አንድ ክፍል ለመሥራት ወሰነ። ለክፍሉ የሚሆነው ቦታ ደግሞ ዛፉ የቆመበት ብቻ ነበር።

ወንድም ጋሼ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ምሥጢር ነበረው። ሥዕል ትምህርት ቤት ሊፈተን ነው፤ የሚፈተን ሰው ደግሞ በዓይኑ እያየ የሣላቸውን ሥራዎች ይዞ መቅረብ አለበት። እሱ ያሰበው ኮክን ከጥሬው እስከ ብስባሹ ተራ በተራ ሥሎ ለማሳየት ነበር። «አባባ ከሰማ መሳቂያ ያደርገኛል። ሳልፍ ራሴ እነግራቸዋለሁ» ብሎ አስማለኝ። ስለዚህ አባባን የለመነው ምክንያቱን ሳይናገር ነው።

«ፍሬው እስኪያልቅ ብቻ አትቁረጠው።»

አባባ ሳቀ። «እሺ። አንድ ኮክ ዛፉ ላይ እስካለ ድረስ መጥረቢያ አይነካውም። እኔ ቃሌን አላጥፍም።»

መስከረም ሲገባ ፍሬው ተመናመነ። የመጨረሻው ኮክ ሊወድቅ ሲል ወንድም ጋሼ የእማዬን መርፌና ክር አመጣና የኮኩን አንገት ከቅርንጫፉ ጋር ሰፋው። አዎ፣ ሰፋው። እኔ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ ይዤለት ነበር። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከሥሩ ተቀምጦ ይሥለዋል፤ ኮኩም በክሩ ላይ እንደተንጠለጠለ እየተጨማደደ፣ እየጠቆረ ሄደ። አባባ ከበረንዳ እያየ «ይሄስ እንደኔው ግትር ነው» ይላል። ኮኩ በክር እንደተሰፋ ያኔም ሳያውቅ አልቀረም።

ጥቅምት ላይ ጭቃው የሚቦካበት ጭድ መጣ። አባባ ወገቡን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ዛፉ ሄደና ክሩን በጣቱ ዳሰሰው። 

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ከሞተ ቆየ» አለ። ክሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ በጠሰው።

ወንድም ጋሼ አልተከራከረም። የአባባ ወገብ ስለማይችል መጥረቢያውን ያነሣውም እሱ ነው። ጭቃውንም በእግሩ ያቦካው እሱ ነው። ማታ እግሩን እየታጠበ «ግድ የለም፣ የሚበቃኝን ሥያለሁ» አለኝ። አልጋው ሥር የተጠቀለለውን አቡጀዲ ማለቱ ነበር።

ክፍሉ ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ። የቀረው ኮርኒሱ ነው። በሠፈራችን ኮርኒስ ማለት ጨርቅ ነው፤ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ዙሪያውን በምስማር ይመታል። እማዬ የነበራትን ሁሉ ቀጣጥላ ስትሰፋ ጨርቅ ጎደላት። ያን ቀን ወንድም ጋሼ «ሥራ ልጠይቅ» ብሎ ለፈተናው ሊመዘገብ ወጥቷል፣ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። አልጋው ሥር ስትፈልግ አቡጀዲውን አገኘችው። ደህና ጨርቅ ነው፤ ዛፉም ተቆርጧል። ሥዕል ያለበትን ፊት ወደ ቆርቆሮው፣ ነጩን ወደ ታች አድርጋ ሰፋችው።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ ተከራዮቹ ዕቃቸውን እያስገቡ ነበር፤ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። እማዬ እጁን ይዛ እየጎተተች «ና እስቲ እየው፣ ነጭ በነጭ አደረግሁት!» አለችው። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አየ። ስፌቱ አጠገብ ጠርዙን አልፎ የወጣ አንድ የቀለም ጠብታ ነበር። እሱን አየ።

«የኔን አቡጀዲ…?»

«ዛፉ ሲቆረጥ የተውከው መስሎኝ» አለች እማዬ።

ሙሽራው በአንድ ጫፍ የያዘውን ፍራሽ መሬት አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ ምነው? ሊፈርስ ነው እንዴ?»

«አይ» አለ ወንድም ጋሼ። «መወጠሩን ልይ ብዬ ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ።» የፍራሹንም አንድ ጫፍ አንሥቶ አብሮ አስገባላቸው።

ለፈተናው አልሄደም። ብዙም ሳይቆይ አባባ ከድሮ ጓደኞቹ በአንዱ መኪና ላይ ረዳት አድርጎ አስቀጠረው። እኔ ኮሌጅ ስማር እሱ መንገድ ላይ ነበር።

ክፍሉ በተሠራ በቀጣዩ ክረምት ቆርቆሮው አፈሰሰ። ሙሽሪት እማዬን ጠራቻት፤ «እትዬ፣ ኮርኒሱ ዝገት አወጣ መሰለኝ።» ዝገት አልነበረም። ቢጫ ነበር፣ በጎኑ ቀይ፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር። ነጩ ጨርቅ ላይ ክብ ክብ እየሆኑ ወጡ። እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ ነካችው፣ የረጠበ ጣቷን አየችው፣ ወርዳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ሥዕሎቹ ለምን እንደነበሩ ያን ቀን ነገርኳት።

«አፍ የለውም?» አለች። «ምነው አንዲት ቃል ቢተነፍስ!»

ተከራዮቹ ከወጡ ቆይተዋል። ዛሬ ክፍሉ የወንድም ጋሼ ነው። ሹፌር ሆኗል፤ ከጅቡቲ መንገድ ሲመለስ ፀሐይ ያጠቆረውን ክንዱን ዓይኑ ላይ ጥሎ እዚያ ይተኛል። ባለፈው እሑድ የላስቲኩን ኮክ ይዤለት ሄድኩ፤ ይስቃል ብዬ ነበር። በእጁ አገላበጠው፣ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው።

«አንድም ጠባሳ የለው» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ኮርኒሱን እናውርደው? ከላይ በኩል የተረፈ ሥዕል አይጠፋም።»

ወደ ላይ ቀና አላለም።

«ተዪው። ታጥቦ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ክረምት ቢቀረው ነው።»

ኮኩን መለሰልኝ፤ «ልጆቹ ይሣሉበት» ብሎ ክንዱን መልሶ ዓይኑ ላይ ጣለ።