ወንበሩ ላይ ማን ነበር

ከሚሴ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የመሬት ምዝገባ ሲስተም ስሠራ፣ ከደሴ የመጣው ባልደረባዬ ነዘነዘኝ፤ «ሴሽኑን በየገጹ አትበትነው፣ አንድ ክላስ ውስጥ ጠቅልለው።» ሴሽን ማለት ሠራተኛዋ የይለፍ ቃሏን ካስገባች ጀምሮ እስክትወጣ ድረስ ኮምፒውተሩ «እሷ ናት» ብሎ የሚያስታውስበት መንገድ ነው። እኔ ግን ክላስ የሚሉት፣ ተዛማጅ ኮዶችን አንድ ላይ የሚሰበስብ ነገር አይዋጥልኝም ነበር። ለጥቂት ገጾች ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ምንድን ነው? ይሠራል አይደል?

ችግሩ የሚወጣ ሰው አለመኖሩ ነበር። ከሲስተሙ መውጫ ቁልፉ ላይ «ውጣ» የሚል ተጽፏል። በዕድሜ የምትበልጠን መዝጋቢ «የወንዶች ነው ብዬ እኮ ነው የማልነካው» አለችኝ። ወንዶቹ ደግሞ ከገዛ ወንበራቸው የተባረሩ መሰላቸው። ዙህር ሲደርስ እሷ ለሶላት ትነሳለች፣ ገበሬው እንዳይጉላላ የተገኘው ሰው በእሷ ወንበር ተቀምጦ ሥራውን ይቀጥላል። በደግነት ነበር የሚያደርጉት።

አንድ ቀን የአንድ የጨፋ ገበሬ መሬት በወንድሙ ስም ተመዝግቦ ተገኘ። ኮምፒውተሩ የመዝጋቢዋን ስም አወጣ። ሰዓቱ የዙህር ነበር፤ ያኔ ወንበሯ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ የሚል ግን ጠፋ።

ክላሱን ያኔ ጻፍኩት። አማረ፤ ሁሉ ነገር አንድ ቦታ ሆነ፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ ሳይነካ ከቆየ ራሱ ይዘጋል። ባልደረባዬ ልክ ነበር። ላለፈው ግን ምን ይፈይዳል?

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስብሰባ ጠርቶ ጠየቀኝ።

«ማን ነው የመዘገበው?»

«በእሷ ስም ነው የገባው፤ ግን እሷ ቧንቧው ጋ ለሶላት ውዱእ ስታደርግ አይቻታለሁ።»

«እኔም በየቀኑ አያታለሁ። የምትነግረኝ የየትኛውን ቀን ነው?»

በየቀኑ አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የማያትን ሴት የዚያን ዕለት ለይቼ አይቻለሁ ብዬ መማል አልቻልኩም። ተናደድኩ፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም። መዝጋቢዋ ከሥራዋ ታገደች።

ዕቃዋን ሰብስባ ልትሰናበተኝ መጣች።

«አሁንስ ሰው ሲነሳ ያውቃል?» አለችኝ፣ ኮምፒውተሩን በአገጯ እያመለከተች።

«ራሱ ይዘጋል።»

«ቶሌ፣ ጥሩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። «ለምትተካኝ ይሆናታል።»