የአያቴ ጀልባ ከሽንፋ ስትወጣ
ትናንት ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ተሳቢ ላይ የተጫነች ጀልባ አየሁና ቆም አልኩ። የዓሣ ሽታዋ አያቴን አመጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ ሽንፋን ለቀን ሸሕዲ ልንገባ ስንል፣ አያቴ “ጀልባዬን ጥዬ አልሄድም” አሉ። በትራክተር ተሳቢ ልንጭናት ሽንፋ ወንዝ ዳር ብንወርድ፣ ዓይናቸው የጠፋው አያቴ ቀድመውን ገብተው ተቀምጠውባታል።

“አባባ፣ ይውረዱ እንጂ! እሷ ብቻዋን መች አነሰችን?” አለ አጎቴ።

“ኩንታል ሰሊጥ የምትሸከመው ሰውዬ፣ አንድ ሽማግሌ ከበደህ?”

እየሳቅን ከነጀልባቸው ጫንናቸው። እኔም አጠገባቸው ወጣሁ። ትንሽ እንደሄድን እጄን ያዙኝ።

“ልጄ፣ ወንዙ ይታይሻል?”

ግራሩ ጋርዶታል። “ይታየኛል አባባ” አልኳቸው።

“እንግዲያው ሲጠፋ ንገሪኝ።”

ሸሕዲ እስክንገባ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም።