ጋሽ ዶማ የጣሱት ግንብ

ጋሽ ዶማ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላቸው አብረዋቸው የሚቆፍሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቧንቧ ሲቀብሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ቤት መዋል ሲጀምሩ ደግሞ ያልተበላሸ ቧንቧ እየፈቱ ልጃቸውን አስመረሯት። «አባዬ፣ በናትህ ሂድና ሌላ ነገር ቆፍር!» ብላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጥንታዊ መንደር ወደሚቆፍሩት ሰዎች የሰደደቻቸው እሷ ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሳምንት ሥራ የሚሆነውን አፈር በግማሽ ሰዓት ገለባበጡትና ዶማቸውን ተቀምተው ብሩሽ ተሰጣቸው። አፈር በብሩሽ! ሳቁም፣ ተናደዱም፣ በኋላ ግን ለመዱት። አሁንማ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፤ የሚፈልጋቸው ቦታ አግኝተዋላ።

በሦስተኛው ወር የድሮ ግንብ ብቅ አለ፤ ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ተሳክቶ መርፌ አያስገባም። ሁሉም በደስታ ጮኸ። ግንቡ ግን መሐሉ ላይ ተቦድሷል፤ በክፍተቱ ውስጥ ውሃ ካለፈበት ዓመታት የሆነው የብረት ቧንቧ ተጋድሟል። የቁፋሮው ኃላፊ፣ የልጃቸው እኩያ የምትሆን ሴት፣ ተንበርክካ አየችውና «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች። እንባዋ መጥቶ ነበር።

ጋሽ ዶማ ክው አሉ። የቧንቧውን መታጠፊያ ሲያዩ አውቀውታል፤ የገዛ እጃቸው ሥራ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ትምህርት ቤቱ ገና ሳይሠራ፣ አለቃቸው «ውሃው ዛሬውኑ ይለቀቅ!» ቢላቸው ግንቡን በአንድ ጠዋት ጥሰውት አለፉ። አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ሞተዋል፤ ዝም ቢሉ ማን ይደርስባቸዋል? ቢናገሩ ግን ይቺ ልጅ ብሩሹን ተቀብላ ወደ ቤት ብትሸኛቸውስ? በመጨረሻ ሄደው አጠገቧ ቆሙ።

«ልጄ፣ ጨካኙ እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየቻቸውና «ድንጋዮቹንስ የት ጣሏቸው?» አለች።

«አልጣልኳቸውም። ቧንቧው እንዳይሰምጥ ከሥሩ ደርድሬያቸዋለሁ።»

«እዚሁ ናቸው?» ብድግ አለች። ከዚያ ብሩሹን አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። «በሉ ያውጧቸዋ፣ ጋሼ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ እርስዎም ቀስ ብለው ይልቀሙ።»

የአንድ ጠዋቱን ጥፋት መልቀም አምስት ቅዳሜ ፈጀባቸው። የመጨረሻው ድንጋይ ጎኑ ላይ የዶማቸው ጠባሳ ነበረበት። አፈሩን አራገፉለትና፣ ሰው እንዳይሰማቸው ጎንበስ ብለው፣ ስሙን ለማያውቁት የጥንት ግንበኛ ተናገሩ።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ያን ቀን እጄን አድምተኸው ነበር፤ ሥራህ ጠንካራ ነው።»