ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት

በበሩ ቀዳዳ ደብዳቤ ሲገባ ድምፁ ይታወቃል። የሱቅ ማስታወቂያ ሸተት ብሎ ነው የሚገባው። የመንግሥት ደብዳቤ ግን ዱብ ብሎ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። ዛሬ ጠዋት ያን ድምፅ ስሰማ ዘነበች ትዝ አለችኝ። እሷ ትዝ ባለችኝ ቁጥር እናደዳለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቱ ግን አልበረደም።

ያኔ የምንኖረው ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ልጄን ሰናይትን የማሳድገው ብቻዬን ነው። ባሕሩ ዳር ስኬቨኒንገን ድረስ በባቡርና በትራም እየተመላለስኩ ሆቴል አጸዳለሁ። ዘነበች በራችን ፊት ለፊት ነበረች። የወሎ ልጅ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ሞርሞን። ሃይማኖቱ ውስጥ የገባችው እዚሁ አገር ነው። ቡና አትጠጣም፣ ሻይ አትጠጣም፣ እሑድ ገበያ አትወጣም። ሀበሻው ስሟን ትቶ በሃይማኖቷ ይጠራታል። ቡና የማትጠጣ ሴት በምን ትታመናለች እያልኩ እኔም አምቻታለሁ፤ አልዋሽም።

ከበሯ የሚወጣው የተቆላ ገብስ ሽታ ነበር። ገብሱን አፍልታ በቡና ፈንታ ትጠጣዋለች። ማቀዝቀዣዋ ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሠራ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። የማን የቤት ሥራ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ልብስ መቼ እንደሚታጠብ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ከየቀኑ ሥር በእርሳስ «እማማ ታጠናለች» ይላል። ሄግ ከተማ የነርስ ትምህርት ትማር ነበር፤ ማስታወሻዋን አጣጥፋ ትራም ውስጥ ቆማ ስታነብ አይቻታለሁ። የራሷን ብቻ በእርሳስ ለምን እንደጻፈችው ያኔ አልገባኝም። ሁልጊዜ የሚጠፋው እሱ ስለሆነ ነው።

ባሏ አምስተርዳም ይሠራል፤ ደክሞት ይመጣና ሶፋው ላይ ይዘረጋል። ቤተ ክርስቲያኗ እሑድ ሕፃናት አስተምሪ ይላታል። የልጆቿ ትምህርት ቤት ለጉብኝት ተማሪዎቹን አጅበሽ ውጪ ይላታል። እናትነት ክቡር ነው የማይላት አልነበረም። ድስቷን የሚያጥብላት ግን አንድ ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ሰናይት ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እሷ ዘንድ ነበር። ሰኞ ማታ ሰኞ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይዘምራል፣ ልጆቹ ተራ በተራ ቆመው ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፣ ከዚያ ኬክ ይበላል። ልጄም ቆማ ተናገረች ሲሉኝ ደሜ ፈላ። በሯን ደበደብኩ።

«ልጄን ልትለውጪብኝ ነው?»

«ጋሼ፣ የተናገረችው ስለ ጥርስ አጠባበቅ ነው።»

«ስለ ምንም ይሁን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰናይትን ከለከልኳት።

በዚህ አገር ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው መምህሩ ወደየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ይወስናል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ አለ፣ ወደ እጅ ሥራ የሚወስድ አለ። ብርዱ ሳይወጣ የሰናይት መምህር ጠራኝና ፈገግ ብሎ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። እኔ ባደግሁበት አገር መምህር ሲናገር ቀና ተብሎ አይታይም። ጎንበስ ብዬ ፈረምኩ፣ ሁለት ጊዜ አመሰገንኩ።

ዘነበች ሰናይትን ደረጃው ላይ ስታለቅስ አገኘቻት። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብላ እኔ ዘንድ ገባች።

«ጋሼ፣ ምን ላይ ነው የፈረሙት?»

«መምህሩ ፈርም ያለኝ ላይ።»

«ዝቅተኛው ትምህርት ቤት ነው። የፈተና ውጤቷ እኮ ከዚህ በላይ ነው። እዚህ ታች ደግሞ ወላጅ ተስማምቷል ይላል።»

«መምህር ያውቃል።»

«መምህርም ይሳሳታል። ሐሙስ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

«ቆማ ስትናገር ሰምቻታለሁ» አለችኝ።

ሐሙስ ሄድን። የመምህሩ ክፍል በር ላይ፣ «እኔ አስተረጉማለሁ፤ የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት» አለችኝ። መምህሩ ያንኑ ፈገግታውን ይዞ፣ ቤታችን ሆላንድኛ ስለማይነገር ከፍ ያለው ትምህርት ይከብዳታል፣ ለእሷ ስንል ነው አለ። ለእሷ ስንል። ይቺ ነገር አሁንም ታንገበግበኛለች።

«ውጤቷን አንብብልኝ» አልኩት። በዕድሜዬ መምህር ያዘዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አነበበ። «ከዚህ በላይ ምን ታምጣ?» አልኩ። ዘነበች ያልኩትን ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተረጎመችለት። መምህሩ ውጤቷን እንደገና አየና ከፍ ባለው ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ትሞከር ብሎ ሌላ ወረቀት ጻፈ።

ማታ የዘነበች ትልቋ ልጅ ራሄል የሰናይትን መጽሐፍ ልትመልስ መጣች።

«እማማ ዛሬ ፈተና ነበራት። አንተ አላወቅክም?» አለችኝ። እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱ የሚባል ነገር አያውቁም። «ቀረች። ዓመቱን ልትደግም ነው።»

ተነስቼ ሄድኩ። ዘነበች ዓይኗ አብጧል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይመጡ ነበር?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው።»

የእራት ሳህን ተከምሯል። እጅጌዬን ሰብስቤ ማጠብ ጀመርኩ፤ የምችለው ሥራ እሱ ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት» አለ ባሏ ከሶፋው ሳይነሳ።

«አንተ ካልተነሳህ ምን ላድርግ?» አልኩት። ተነሳ።

ስወጣ ዘነበች፣ «ሰኞ ይምጡ፤ የሆላንድኛ ደብዳቤ ማንበብ ይለምዳሉ። አላጠምቅዎትም፣ አይፍሩ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። ሀበሻው ጋሼ ሞርሞን ሆኑ ብሎ ሳቀ። አልሆንኩም፤ ገብሷን ግን ጠጥቻለሁ።

ሰናይት የሙከራ ዓመቷን አለፈች። ዘነበችም የደገመችውን ጨርሳ ነርስ ሆነችና ቤተሰቡ አምስተርዳም ገባ። ሲሄዱ ያን ወረቀት ከማቀዝቀዣው ላይ ነቅላ ሰጠችኝ። ሰኞ ላይ በሰማያዊ «ጋሼ ያነባሉ» ይላል። ሐሙስ ላይ በእርሳስ የነበረው ደጋግሞ ከመፋቁ የተነሳ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። አንዱ ፍቀት የእኔ ነው።

የዛሬውን ደብዳቤ ከፈትኩ። ድምፄን አውጥቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ። ፈርመው ይመልሱ ይላል። እስክሪብቶውን አላነሳሁም። እንደገና ከላይ ጀመርኩ።