የመጥፋቱ ማረጋገጫ

ተርጓሚው የቢሮውን በር ከውስጥ ቆለፈ፤ የኮምፒውተሩን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነና የእህቱ ልጅ ለትርጉም የላከችለትን ሊንክ ተጫነ። ሦስት ሰነዶች ወረዱ፦ የዲግሪ ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ፎቶ ያለበት የሥራ ማመልከቻ። ከገጹ ግርጌ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሃያ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል።

ወዲያው ለእህቱ ልጅ ደወለ።

«ይሄ ነገር የማን ነው?»

«ፋይል መላኪያ ነው ጋሼ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ያጠፋዋል።»

«በነጻ?»

«በነጻ።»

«የማያውቀውን ሰው ምስጢር በነጻ የሚጠብቅ፣ ምን ቸግሮት ነው?»

ሳቀች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አደራዎን ጋሼ። ውሌ ዓርብ ነው የሚታደሰው። ርዕሰ መምህሩ ሌላ ቦታ ማመልከቴን ከሰማ አይፈርምልኝም። አዲሱ ሥራ ደግሞ ገና አልተያዘም። በኢሜይል ያልላክሁትም ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«እኔን ነው ተጠንቀቅ የምትይኝ?» አለና ዘጋው።

እውነቱን ነው። የሠፈሩ ሰው «ማን ያውቃል» ይለዋል። ሚስቱ «እንዴት አደርክ?» ስትለው «ምን ሰምተሽ ነው?» ይላል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ከመቀመጡ በፊት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ተጠግቶ ያነባል። አይፈረድበትም። በሰላሳ ዓመት የትርጉም ሥራ ያላየው ሐሰተኛ ማኅተም የለም። አንድ ጊዜማ የሞት ማስረጃ ይዞ የመጣው ራሱ ሟቹ ነበር።

እስከ ምሳ ሰዓት ሦስቱንም ተርጉሞ ጨረሰ። ሐሳቡ ግን ከዚያ ወደ ኋላ ከሚቆጥረው ሰዓት ላይ አልነቀል አለ። ጠፋ ቢባል እንኳ መጥፋቱን ማን አየ? የራሱን ኮምፒውተር አላመነም። አንዴ ያወረደ ማሽን ሌላ ቅጂ ደብቆ «ጠፍቷል» ሊለው ይችላል። ምርመራው በሌላ ማሽን መደረግ አለበት።

ሊንኩን በስልክ መላክ አልደፈረም። ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገልብጦ ግድግዳ ወደምትጋራው ጎረቤቱ፣ ወደ ፎቶ ኮፒዋ ሴት ሄደ።

«ደግሞ ማንን ጠርጥረው መጡ?» አለችው ማሽኑን ሳታቆም።

«ነገ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሄን ጻፊና ሞክሪው። ከተከፈተ ጥሪኝ።»

«ካልተከፈተስ?»

«ወረቀቱን ቅደጂው። አራት ቦታ።»

«ሁለት ቦታ አይበቃም?»

«አራት ቦታ!»

ያን ቀን ሁሉንም ጠረጠረ፤ የድረ ገጹን ባለቤት፣ የስልክ ድርጅቱን፣ በሩን አተኩሮ ያየውን ዘበኛ፣ የእህቱን ልጅ እጮኛ ሳይቀር። አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን የሠራችው ሴት ግን በሐሳቡ አልመጣችም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። በስሱ ግድግዳ በኩል የወንድ ድምፅ ሰማ። ለፈተና ብዜት የሚመላለሰው የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። መጀመሪያ ሳቅ፣ ከዚያም «ቆይ፣ ይቺ የእኛ መምህርት አይደለችም እንዴ?»

ተርጓሚው በሩን እንኳ ሳይቆልፍ ሮጠ። የእህቱ ልጅ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶታል። ምክትሉ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሏል። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

«ከሦስት ሰዓት በኋላ አላልኩሽም?»

«ምነው ጋሼ! ቀድሜ ክፍት መሆኑን ካላየሁ መዘጋቱን በምን አውቃለሁ? አንድ ፊደል ተሳስቼ ጽፌው ቢሆንስ?»

እሱም ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

«ይዝጉት» አለ፤ ለእሷም ይሁን ለሰውየው ሳይለይ።

ምክትሉ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የፈተናውን እሽግ ብብቱ ሥር ሸጉጦ «ደህና ዋሉ» አለና ወጣ።

ልክ በሦስት ሰዓት ገጹ ጠፋ። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ አልተከፈተም።

«ይኸው፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል» አለችው።

ዓርብ ዕለት ውሉ አልተፈረመም። የእህቱ ልጅ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰነድ አስተርጉማለች፤ ሁለቱንም ሌላ ሰው ጋ።