ወንበር ላይ የተሳለችው ሴት

የያዙኝ ሀይሌ ጋርመንት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ፍተሻ ነበር። ቦርሳዬን ሲዘረግፉት በፌስታል የቋጠርኩት ቀይና ሰማያዊ የተቀባ ቆርኪ ወጣ፤ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀትም። ወረቀቱ ላይ አራት ክፍሎች፣ በሮችና ብዙ ቀስቶች ተስለዋል። ፖሊሱ አገላብጦ አየውና ክንዴን ጨመደደኝ።

እኔ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ሲሚንቶ ላይ እንደ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ልስለው ያሰብኩት ልብ ነው። ልጆቹ ደም ይሆናሉ። ሰማያዊ ቆርኪ ይዘው በአንዱ በር ይገባሉ፣ ሳንባ ጋ በቀይ ለውጠው ይመለሳሉ፣ በሌላው በር ወጥተው ይሮጣሉ።

የሴቶቹ ክፍል ሲከፈት የሽንትና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ተቀበለኝ። ዘጠኝ ሴቶች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ግድግዳው ሥር ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አድርገሽ ነው ልጄ?»

«ልብ ስዬ።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። «የየትኛው ግቢ ካርታ ነው?» አለኝ። ድንቄም ካርታ! ልብ ነው ስለው በጥፊ አጮለኝ። ለአራት ዓመት ልጅ በማስረዳበት ትዕግሥት ላስረዳው ሞከርኩ። ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፈኝ። ጠላሁት፤ ዛሬም እጠላዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ጥያቄው ወደ አንድ ነገር ጠበበ። ከክፍሎቹ ጎን ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ስያለሁ። «ይቺ ማን ናት? ሰማያዊ ተቀብላ ቀይ የምትሰጠው?»

ረዳቴ ናት። ከወለደች ገና አራት ወሯ ስለነበር ከልጆቹ ጋር እንዳትሮጥ ብዬ ሳንባ አደረግኳት። ስሟን ብናገር እዚያው ገመድ ሥር ትወድቃለች፤ ሕፃኗም ጡት ያጣል። ትምህርት ቤት ሄደው ቢጠይቁ ያገኟት ነበር። እሱ ግን ከእኔ አፍ ነበር የፈለገው። ዝም ስለው ራሴን እስክስት ድረስ ገረፈኝ።

እኚያ እናት ነጠላቸውን በውሃ እየነከሩ እግሬን ጠረጉልኝ። «ስም ብቻ ከሆነ ስጪያቸው ልጄ፤ እግርሽ እኮ ሊበሰብስ ነው» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ በሦስተኛው ቀን የገባሁት ልናገር ቆርጬ ነው።

መርማሪው እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ስሟን አጠገቧ ጻፊና ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ወረቀቱን አየሁት። ሴትየዋን ስስላት ፈገግ አድርጌያት ነበር። አጠገቧ፣ ልጆች እንዲያነቡት በምጽፍበት ትልልቅ ፊደል፣ «ሳንባ» ብዬ ጻፍኩ።

አነበበው። እጄን ጎትቶ ወለሉ ላይ አስተኛውና በከስክስ ጫማው ቆመበት። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ደግሞ ሲጠይቀኝም ሳንባ ናት አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠራኝም። ከሳምንታት በኋላ፣ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነገረኝ፣ ሂጂ ተባልኩ።

አሁንም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቀኝ እጄ ጠመኔ አይጨብጥም፤ በግራዬ ስስል መስመሩ ይወላገዳል። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሕፃን «ቲቸር፣ ለምንድን ነው በግራ የምትስይው?» አለችኝ።

«ልብም ወደ ግራ ነዋ!» አልኳት።

ረዳቴ ከት ብላ ሳቀች። እጄ የተሰበረው እስር ቤት በር ተዘግቶበት ነው ብያት አምናኛለች።