የሚጢ እጆችና እትዬ

ልብስ ሰፊዋ ሰው መናቅ የጀመረችው ልጇ ራሷን መምታት ስትጀምር ነው። ሚጢ ኦቲዝም አለባት፤ አትናገርም፤ የሆነ ነገር ሲከፋት ፊቷን በጡጫ ትወቅጠዋለች። እናትየው ስፖንጅ እየጠቀጠቀች የራስ መከለያ ሰፋችላት፣ ጓንት ሰፋችላት። ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ልጅቷ ግን አሥር ዓመት ሳይሞላት የግራ ዓይኗን በገዛ ጡጫዋ አጠፋችው።

ያኔ ሐኪሙ አዲስ ሕክምና አነሣ። አንጎሏ ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ ይገባል፤ ደረቷ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ባትሪ በሽቦው ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል። «የተሞከረው በጥቂት ልጆች ላይ ነው፤ ይሠራል ብዬ አልምልልሽም» አላት። ስላልማለላት አመነችው።

ባልየው «እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ» ብሎ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ቤት ቢቃጠል እንኳ የጎረቤት አስተያየት የሚጠብቅ ሰው ነው። ታላቅ እህቱ ግን ሳሎኑ መሃል ተጎልታ አፏን ከፈተች።

«ለሰው ልጅ ባትሪ ይገጠማል? መጫወቻ አደረጋችኋት እኮ።»

«እትዬ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ እጇን ይዘውልኝ ያውቃሉ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«እኔ ደም ሳይ ያዞረኛል።»

«እንግዲያው ዞር ይበሉልኝ።»

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ለሳምንታት ለውጥ አልታየም። ሐኪሙ ኃይሉን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ሚጢ ራሷን ትመታለች፣ እትዬ በየዘመዱ ቤት «ብዬ ነበር» እያለች ትዞራለች። ደስታዋ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ቁርስ ዘገየባትና የሚጢ እጅ ወደ ፊቷ ተነሣ። እናትየው ልትይዛት ተወረወረች። የልጅቷ እጅ ግን የገዛ ጆሮዋን አከክ አድርጎ ወረደ። እናትየው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው አልተነሣችም።

ሚጢ ዛሬም አትናገርም፤ ክፉ ቀንም አላት። ግን መከለያው አብዛኛውን ጊዜ መስቀያው ላይ ነው፤ እናቷ የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ እየሸሸች ፀጉሯን ታበጥርላታለች። የቀረችው ዓይንም ተርፋለች።

በቀደም እትዬ ቀሚስ ጠቧት ልታስለቅቅ መጣች። እየተለካች ተራ ለምትጠብቅ ሌላ ደንበኛ ታወራለች፦ «ይቺን ልጅ እንዴት አድርገን እንዳሳከምናት ብነግርሽ። ወንድሜን በርታ ያልኩት እኔ ነኝ።» ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ልብስ ሰፊዋ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣች። ስድብ አላጣችም፤ የሚባክንለት ሰው ግን አላየችም።

«ሆድዎን ሳብ ያድርጉ፣ እትዬ» አለች፤ «ከዚህ በላይ የሚለቀቅ ጨርቅ የለም።»